100 ኪሎ ሜትር እና 60 ግራም

ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በቻይና ጋንሱ ግዛት በቢጫ ወንዝ ዳር 172 ሯጮች ለ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ውድድር ተነሡ። 21ዱ ሞቱ። ከስምንት ሯጭ አንድ ማለት ነው። የገደላቸው ግን ርቀቱ አይደለም። 100 ኪሎ ሜትር ከአዲስ አበባ አዳማ ያህል ነው፤ አደጋው የደረሰው ገና ዱከም እንኳ በማያደርስ መንገድ ላይ ነው።

ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው መቆጣጠሪያ ጣቢያ 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል፣ መኪና አይገባበትም፣ ጫፉ ላይ ለደረሰም ውኃና ምግብ አልተዘጋጀም። እኩለ ቀን አካባቢ እዚያ ዳገት ላይ ሳሉ አየሩ ተለወጠ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ ሰው የሚገፈትር ነፋስ ተነሣ። ብዙዎቹ የለበሱት ቁምጣና ስስ ካናቴራ ነበር። ጃኬት መያዝ በደንቡ ግዴታ አልነበረም፤ አስቀድሞ በሚላክ ሻንጣ ከተው 62ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሊለብሱት ያሰቡም ነበሩ። ከሟቾቹ አንዱ ሊያንግ ጂንግ፣ በቻይና የረጅም ርቀት ሩጫ ስሙ የገነነ አሸናፊ ነበር። ብርድ ልምድ ያለውን ከሌለው አይለይም።

የሰው ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ35 ከወረደ ሐኪም የሚያስፈልገው አደጋ ነው። ልዩነቱ 2 ዲግሪ ብቻ! ወደ 32 ሲጠጋ ደግሞ መንቀጥቀጡ ራሱ ይቆማል። የሚያየው ሰው ተሻለው ሊል ይችላል፤ ሰውነቱ ግን ሙቀት ማመንጨት አቅቶት ነው። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ፣ የራሰ ካናቴራ የለበሰውን ሰው ሙቀት እየመጠጠ ይጨርሰዋል።

በዚያው ተራራ ዙ ከሚንግ የሚባል እረኛ ነበር። ከዝናቡ የተጠለለበት ዋሻ ውስጥ ማገዶና ብርድ ልብስ ነበረው። ስድስት ሯጮችን አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ አተረፋቸው። የስድስት ሰው ሕይወት ለማትረፍ ይኸው በቃ።

የብር ወረቀት የሚመስለው የድንገተኛ ጊዜ ብርድ ልብስ ወደ 60 ግራም ይመዝናል፤ ሲታጠፍ መዳፍ ላይ ያርፋል። ቀለል ያለ የዝናብ ጃኬት 200 ግራም ገደማ ነው። ሞን ብላንን የሚዞረው የአልፕስ ውድድር፣ ዩ.ቲ.ኤም.ቢ.፣ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በድምሩ 10,000 ሜትር ያህል ያስወጣል። ራስ ደጀንን ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ቢወጡት እንኳ ያን ያህል አይሞላም። እዚያ ታዲያ ኮፍያ ያለው ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ቢያንስ 1.40 በ2 ሜትር የሆነ የድንገተኛ ጊዜ ብርድ ልብስ፣ ፊሽካና የግንባር ባትሪ መያዝ ግዴታ ነው። ይህን ደንብ እንደ ጣጣ የሚቆጥር ሯጭ ካለ የጋንሱን ዳገት ያስብ።

ሯጭን የሚያሰጋው ብርድ ብቻ አይደለም፤ ስለሚጠጣው ውኃ ያለው ቁጥር ደግሞ ከዚህም የሚያስደንቅ ነው። በ1994 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ሩጫቸውን የጨረሱ 488 ሰዎች ደም ተመረመረ። በ13 በመቶው የሶዲየም መጠን ከጤናማው ወርዶ ተገኘ፤ በሦስት ሰዎች ላይ ለሕይወት እስከሚያሰጋ ድረስ። ዋናው ምክንያት ውኃ ማጣት ሳይሆን ከሚገባው በላይ መጠጣት ነበር። ያውም በ42 ኪሎ ሜትር! ሌሊቱን ሙሉ የሚሮጥ ሰው ለመጠጣት ስንት እጥፍ ጊዜ እንዳለው ማስላት ነው። ስለዚህ ሲጠማ መጠጣት ይበቃል። ክብደቱ ከመነሻው የጨመረ፣ ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸውና ንግግሩ የተምታታ ሯጭ ካጋጠመ ተጨማሪ ውኃ ሰጥቶ ከማባባስ ቶሎ ወደ ሐኪሞቹ ድንኳን ማድረስ ይሻላል።