የሚነዝር ድምፅ፦ ከበገናው እንዚራ እስከ ጊታሩ ፈዝ

ባንድ ሲጫወት ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ፣ አንዳንዱ ጊታር ተጫዋች በእግሩ የሚረግጣት ትንሽ ሣጥን አለች። ሲረግጣት ጥርት ያለው ድምፅ በድንገት ይሻክራል፤ እንደ ንብ ይነዝራል። «ስፒከሩ ተቀደደ እንዴ?» የሚልም አይጠፋም። ኧረ አልተቀደደም! ሣጥኗ ፈዝ ፔዳል ትባላለች።

ለመሆኑ ሥራዋ ምንድን ነው? ጊታሩ ላይ ያለው ማግኔትና የመዳብ ሽቦ የክሩን ንዝረት ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል። ሞገዱ ጫፋቸው ክብ የሆነ ኮረብታዎችንና ሸለቆዎችን ይመስላል። በፔዳሏ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ሞገዱን እጅግ ያጎሉታል። ታዲያ ኃይል የሚሰጣቸው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሊያሳድጉት አይችሉም። በመሆኑም የኮረብታው ጫፍ ተቆርጦ እንደ አምባ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሸለቆውም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ በዋናው ድምፅ ላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይጨመራሉ። ጆሯችን «ሻካራ» የሚለው እነዚህን ነው። ክሩ እየደከመ ሲሄድም ሞገዱ ገና ከወሰኑ ስለማይወርድ ድምፁ ቶሎ አይሞትም፤ እንደ ማሲንቆ ይረዝማል። ብዙ ክሮች አብረው ሲመቱ ግን ይደበላለቃል። ስለዚህ ፈዝ የሚያምረው ዜማን አንድ በአንድ ሲያወጣ ነው፤ ይህም ለቅኝቶቻችን ይመቻል።

ነገሩ የተጀመረው በብልሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ፣ ግሬዲ ማርቲን የተባለ ጊታሪስት ሲቀረጽ የመቅረጫው አንዱ መስመር ተበላሽቶ ድምፁ ሻከረ። ባለሙያዎቹ ግን አልጣሉትም፤ እንዲያውም ያንኑ ድምፅ የሚያወጣ ፔዳል በ1962 ለገበያ ቀረበ። በ1966 ደግሞ ለንደን ውስጥ ፈዝ ፌስ የተባለችው ክብ ፔዳል ተሠራች። ውስጧ 2 ትራንዚስተር፣ 4 ሬዚስተር፣ 3 ካፓሲተርና 2 ማዞሪያ ብቻ ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ ስሟን አስጠራ። ዛሬም መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ሆና በዚያው ንድፍ ትሠራለች። የጥንቶቹ ትራንዚስተሮች ከጀርማኒየም ስለሚሠሩ ሙቀት ይለዋውጣቸዋል። በሱሉልታ የጠዋት ብርድ የተስተካከለ ፔዳል ቡራዩ የሠርግ ድንኳን ውስጥ በቀትር ጠባዩን ቢለውጥ አይገርምም።

ድምፁ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ባቋቋመበት ዘመን አካባቢ የአዲስ አበባ ባንዶች በኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወቱ ነበር። የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» ያዳመጠ ሰው ሻካራውን ጊታር ያስታውሳል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ በፊት በገና ነበረ። በበገናው ብርኩማና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ይመለሳል፤ ንዝረቱ ይቆራረጥና ያ የምናውቀው የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። እንዚራዋ ከቦታዋ ከሸሸች ነዘራው ይጠፋል። ፈዙ በኤሌክትሪክ የሚያደርገውን አባቶቻችን በቆዳ አድርገውታል ማለት ነው።

ይህን ማወቅ ለእኛ ለመምህራን ምን ይጠቅማል? እዚሁ ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። ሞገድን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያስተምር መምህር ለማያይ ተማሪ ምንም አላስተማረም። እንዚራውን አስገብቶና አሸሽቶ ቢያሰማው፣ ተማሪውም ንዝረቱን በጣቱ ቢዳስስ ግን ትምህርቱ ይገባዋል። በገና ካልተገኘ በክራር ክር ላይ ቁራጭ ወረቀት ማስጠጋት ይበቃል። ለዚህ ደግሞ ባጀት አያስፈልግም፤ ጆሮና ትንሽ ዝግጅት እንጂ!