በሽታው ከተገኘ በኋላ፦ የቻይና መንደር ክሊኒኮች ከግፊት፣ ከስኳርና ከካንሰር ጋር

በቻይና ገጠር አንድ የ50 ዓመት ገበሬ ሳል አስቸግሮት ወደ መንደሩ ክሊኒክ ጎራ ቢል፣ ስለ ሳሉ ተናግሮ ሳይጨርስ ክንዱ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይታሰርለታል። የሐኪሙ ትጋት ብቻ አይደለም፤ መመሪያው ያዛል። ዕድሜው 35 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ተቋም ሲረግጥ፣ ለየትኛውም ጉዳይ ይምጣ፣ ግፊቱ መለካት አለበት። ከፍ ብሎ ከተገኘ ሌላ ቀን ተመልሶ እንዲለካ ይቀጠራል። ሕመሙ ከተረጋገጠ በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ ክትትል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አጠቃላይ ምርመራ ይደረግለታል። ግፊቱ ካልወረደ መድኃኒቱ ተስተካክሎ በ2 ሳምንት ውስጥ ዳግም ይታያል፤ በተከታታይ ለሁለት ጊዜ ካልወረደ ሪፈር ይጻፍለታል። ለዓይነት 2 የስኳር ሕመምተኞችም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው።

ይህ አሠራር የመጣው በ2009 በተጀመረው የጤና ማሻሻያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ቻይና በዓለም የምትታወቀው በ«ባዶ እግር ሐኪሞቿ» ነበር። በ1960ዎቹ ከገበሬው መካከል ተመርጠው ጥቂት ወራት የሠለጠኑት እነዚህ ሰዎች ክትባት ይሰጡ፣ ቁስል ያክሙ፣ ስለ ንጽሕና ያስተምሩ ነበር። በ1980ዎቹ የጋራ እርሻው ሲፈርስ በእሱ ላይ የቆመው የገጠር የጤና መድንም አብሮ ፈረሰ፤ ገበሬው ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል የሚታከመው ከኪሱ አውጥቶ ነበር። አዲሱ የገጠር መድን የተጀመረው በ2003 ነው። በ2009 ደግሞ መንግሥት ለመሠረታዊ የኅብረተሰብ ጤና አገልግሎት በነፍስ ወከፍ 15 ዩዋን በዓመት መደበ፤ በ2023 ገንዘቡ 89 ዩዋን ደርሷል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ አረጋውያን በየዓመቱ በነፃ የሚመረመሩትም በዚሁ በጀት ነው።

መዋቅሩ ይህን ያህል ከተዘረጋ ውጤቱስ? ከ2012 እስከ 2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት 245 ሚሊዮን ያህል ጎልማሶች፣ ማለትም ከመቶ 23.2 የሚሆኑት፣ ግፊት እንዳለባቸው አገኘ። ከእነዚህ መካከል ሕመሙ እንዳለባቸው የሚያውቁት 46.9 በመቶ፣ መድኃኒት የሚወስዱት 40.7 በመቶ ነበሩ። ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው 15.3 በመቶ ብቻ ነው። የስኳሩም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በ2018 ከጎልማሶች 12.4 በመቶው ስኳር ሲኖርባቸው፣ ከእነሱ ውስጥ ይህን የሚያውቁት 36.7 በመቶ ነበሩ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ግፊት አያምም፤ «ራሴን እንኳ አላመመኝም፣ ምን ሆኜ ነው ዕድሜ ልክ ኪኒን የምውጠው?» የሚል ሰው በየትም አገር አለ። ብዙ ቻይናውያን ደግሞ የመንደሩን ክሊኒክ አልፈው በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ደጃፍ ይሰለፋሉ፤ እዚያ የሚያያቸው ሐኪም ለእያንዳንዱ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በሚቀጥለው ወርም አያገኛቸውም። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። የመንደር ሐኪሙ የሚገመገመው ስንት ሰው መዝግቦ፣ ስንት የክትትል ቅጽ ሞልቶ እንደሆነ ሲቆጠር፣ ሥራው ወደ ወረቀት ያደላል። ፋይሉ ይሞላል፤ ግፊቱ ባለበት ይቆማል።

ይህን ለመለወጥ ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ ያስደነቀኝ በ326 መንደሮች 33,995 ሰዎችን ያቀፈው የገጠር የደም ግፊት ፕሮጀክት ነው። የተጨመረ ስፔሻሊስት የለም። እዚያው መንደር የሚኖረው ሐኪም ሠለጠነ፤ መድኃኒት ራሱ እንዲጀምርና ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ቀላል መመሪያ ተሰጠው፤ ከበላዩ ያለ ሐኪም ይከታተለው ጀመር። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በነፃ ወይም በቅናሽ አገኘ፣ በቤቱም ግፊቱን መለካት ለመደ። ከ18 ወር በኋላ ግፊታቸው ከ130/80 በታች የወረደላቸው 57 በመቶ ሲደርሱ፣ በተለመደው አሠራር በቀጠሉት መንደሮች 20 በመቶ አካባቢ ነበሩ። በ3 ዓመት ውስጥ የልብና የደም ሥር አደጋው በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ። በ2025 በወጣው ውጤት ደግሞ የመርሳት በሽታም በ15 በመቶ ቀንሶ ታየ። ሐኪሙ በፊትም የነበረ ሰው ነው፤ አዲሱ ነገር ሥልጣኑ፣ መድኃኒቱና ደጋፊው ናቸው።

መድኃኒት ብቻ አይደለም። በሰሜን ቻይና ጓዳ ውስጥ ጨው የሌለበት ነገር ማግኘት ይከብዳል፤ በጨው የተቀመጠው አትክልት አለ፣ የአኩሪ አተር ሶሱ አለ፣ ወጡም አለ። በ600 መንደሮች፣ ስትሮክ ያጋጠማቸውን ወይም ዕድሜያቸው 60 ሞልቶ ግፊት ያለባቸውን 21,000 ያህል ሰዎች ይዞ የተካሄደ ጥናት ለግማሾቹ መንደሮች ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው ሰጣቸው። 5 ዓመት ገደማ ሲከታተሉ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። ማንም ወጥ አሠራሩን አልለወጠም፤ የተለወጠው የጨው ዕቃው ውስጥ ያለው ነው።

ስኳርን ቀድሞ በመለየት ረገድ ቻይና ከብዙዎች ትቀድማለች። በ1986 በነዳጅ ከተማዋ ዳቺንግ 110,660 ሰዎች ተመርምረው፣ ስኳር ሊይዛቸው ከጫፍ የደረሱ 577 ሰዎች በ33 ክሊኒኮች ተመደቡ። ለ6 ዓመት አመጋገብና እንቅስቃሴ ላይ ምክርና ክትትል ያገኙት፣ ከ30 ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ስኳሩ በአማካይ 4 ዓመት ያህል ዘግይቶላቸው ነበር።

የካንሰር ልየታው ታሪክ የሚጀምረው ከታይሃንግ ተራሮች ሥር ነው። በሄናን ያለው ሊንሺየንና በሄቤይ ያለው ሲሺየን የምግብ ቧንቧ ካንሰር በዓለም እጅግ ከበዛባቸው ሥፍራዎች ናቸው። (ሄናን ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡትን የቻይና የሕክምና ቡድኖች የሚልከው ይኸው ክፍለ ሀገር ነው።) ምርመራው እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ ቱቦ አዮዲን ይረጫል። ጤናማው የቧንቧ ግድግዳ ወዲያው ቡናማ ይሆናል፤ ወደ ካንሰር እያመራ ያለው ግን ቀለሙን አልቀበል ብሎ ገርጥቶ ይቀራል። ናሙና የሚወሰደው ከዚያ ነው፤ ገና ላይ ላዩን ከሆነም በዚያው ቱቦ ተቆርጦ ይወጣል። በ1999 በሲሺየን ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ 3,319 ሰዎች አንዴ ብቻ ተመረመሩ። በ10 ዓመት ውስጥ በዚህ ካንሰር የሞቱት፣ ለምርመራ ከተጠሩት መንደሮች ሰዎች (ያልመጡትም ተቆጥረው) 3.35 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጠሩት መንደሮች 5.05 በመቶ ነበሩ። ከተጠሩት ግማሽ ያህሉ እንዳልመጡም አይዘነጋ። ከ2009 ወዲህ ደግሞ የገጠር ሴቶች የማኅጸን በርና የጡት ካንሰር ምርመራ በነፃ ያገኛሉ።

ሆንግ ኮንግ መንገዷ ይለያል። በ2016 በሙከራ የጀመረችው ፕሮግራም ዛሬ ከ50 እስከ 75 ዓመት ላሉ ነዋሪዎች በየሁለት ዓመቱ የሰገራ ምርመራ ያደርጋል፤ ደም ከተገኘበት ትልቁ አንጀት በመሣሪያ ይታያል። ዕቃውን የሚሰጠው፣ ናሙናው እንዴት እንደሚወሰድ የሚያስረዳው የሰፈሩ ሐኪም ነው። ሰው የሚያፍርበትን ነገር የሚያውቀው ሐኪም ሲነግረው ይቀለዋል። በኅዳር 2023 ደግሞ 45 ዓመት የሞላቸው 120 የሆንግ ኮንግ ዶላር ከፍለው ግፊትና ስኳር እንዲመረመሩ፣ ከተገኘባቸውም በመንግሥት ድጎማ በግል ሐኪም እንዲታከሙ ተፈቀደ። ምርመራውንና ሕክምናውን በአንድ ሐኪም እጅ ማስገባቱን እኔ የፕሮግራሙ ዋና ጥንካሬ አድርጌ አየዋለሁ።

በዋናው ቻይና የመድኃኒቱ ዋጋም ተነክቷል። በ2018 መጨረሻ 11 ከተሞች በጋራ ጨረታ 25 መድኃኒቶችን ሲገዙ፣ ዋጋቸው በአማካይ በ52 በመቶ ወረደ። ለግፊት በብዛት የሚታዘዘው አምሎዲፒን አንዱ ነበር።

የቀረው ሰው ነው። የመንደር ሐኪሞቹ እያረጁ ነው፤ ወጣቱ ወደ ከተማ ይሄዳል። በ2023 መንግሥት የሕክምና ተመራቂዎች በመንደር ክሊኒክ እንዲቀጠሩ ልዩ ዕቅድ አውጥቷል። ተመራቂው መንደር ገብቶ እንዲቀር ከተፈለገ ደመወዙም ጡረታውም ከከተማ ባልደረባው ሊያንስ አይገባም፤ የሚከፈለውም በሞላው ቅጽ ብዛት ሳይሆን ግፊታቸው በወረደላቸው ሰዎች ቁጥር መሆን አለበት።