ቆቅ ትሻላለች ወይስ ጣዝማ?

ንቁ ሰው ስናይ «እሱማ ቆቅ ነው!» እንላለን። ዝም ብሎ ቤቱን ለሚጠብቅ ሰው ግን ስም አላወጣንለትም። እኔ «ጣዝማ» ብዬዋለሁ።

እስቲ ሁለቱን እናወዳድራቸው። ቆቅ የዶሮ ዘመድ ናት። በአባይና በጀማ ሸለቆዎች የምትኖረው አንዷ ዓይነት ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። ጎጆዋን መሬት ጭራ ትሠራለች። በር የለ፣ ግድግዳ የለ! መከላከያዋ ጆሮዋና እግሯ ብቻ ነው። ኮሽ ሲል ትሮጣለች፤ ሲብስባት ደግሞ ብርር!

ጣዝማም የምትኖረው መሬት ውስጥ ነው። የዱር ንብ ሆና ሳለ አትናደፍም። በሯ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ስትሆን ዘበኞቹ እዚያች ላይ ይቆማሉ። ማሯን በማር እንጀራ ሳይሆን በትናንሽ የሰም እንስራዎች ታስቀምጣለች። ትንሽ ናት፤ ለመድኃኒት ስለምትፈለግ ግን ከተራው ማር ትወደዳለች።

ይህን ያነሳሁት በአንዲት ጓደኛዬ ምክንያት ነው። ከዚህ በፊት የወደደችው ሰው ከድቷታል። ከዚያ ወዲህ ቆቅ ሆናለች። አሁን አንድ ጨዋ ልጅ «ሽማግሌ ልላክ» ይላታል፤ እሷ ግን ስልኩን ትበረብራለች፤ መልስ ሲዘገይባት «በቃ!» ብላ ትጠፋለች።

«ጣዝማ ሁኚ» አልኳት።

«ጣዝማ ተቆፍራ ታልቅ የለ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። ቆፋሪ ማሯን ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ጎጆዋ አብሮ ይፈርሳል። ንግሥቲቱ ሆዷ ከብዶ መብረር ስለማትችል ጓዟን ጠቅልላ አትሸሽም። ቆቅ ግን ታመልጣለች፤ ጫጩቶቿም በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ተነስተው ይከተሏታል።

ስለዚህ ምክሬን አሻሻልኩ፤ ጆሮ ከቆቅ፣ በር ከጣዝማ! ከሽማግሌው በፊት ጠይቂ፤ ዘመዱን እወቂ፤ ጓደኞቹን እይ። የልብሽን ሁሉ በአንድ ቀን አትዘርግፊለት። አንዴ ካስገባሽው በኋላ ግን ተቀመጪ። ዘበኛ የሚቆመው በር ላይ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ሲዞር አይውልም! የዘገየ መልስ ኮሽታ ነው። ውሸት ሲደጋገም ወይም እጅ ሲነሳ ግን ያ ኮሽታ አይደለም፤ ያኔ ብርር በይ፣ ወደ ኋላም አትይ።

«እስከ እሑድ መልስ እሰጠዋለሁ» ብላኛለች። እናንተስ ውድ አንባብያን፣ በራችሁ ላይ ዘበኛ አለ ወይስ ቀን ከሌት ሩጫ ላይ ናችሁ?