ከክትባት በኋላ የሚያብጥ ንፍፊትና የድምፅ ሞገድ ምርመራ

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቆሼ፣ አንባቢያችን እንደሚያውቃት፣ በማረቆ በርበሬ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ አንዲት አያት የአራት ወር የልጅ ልጃቸውን አዝለው ወደ እኛ መጡ። የሕፃኑ አንደኛው ብብት አብጧል፤ እብጠቱ ከአንድ የቦሎቄ ፍሬ ከፍ ይላል። ሕፃኑ ግን አያተኩሰውም፤ በደንብ ይጠባል፤ ስንዳስሰውም አላለቀሰም። «ዶክተር፣ ይኼ ነቀርሳ ነው አሉኝ፤ በምላጭ ይበጣ የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን እጄ አልሄደልኝም» አሉን። ዶክተር ሳንሆን ጤና መኮንን መሆናችንን ብዙ ጊዜ ብንናገርም ሰሚ አላገኘንምና፣ በዚያ ቀን ተውነው። «እማማ፣ እጅዎ አለመሄዱ መልካም ሆነ» ብለን የክትባቱን ካርድ ጠየቅናቸው።

«ነቀርሳ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ሸክም ተሸክሟል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢን ማለታችን ነው፤ ቃሉን ብቻውን ስንናገረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካንሰርን ማለታችን ነው። እንግዲህ አንድ ጎረቤት ይህን ቃል በደጃፍ ላይ ጥሎት ሲሄድ፣ ሰሚው ከሁለቱ የከፋውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይገባል። በዚያ ብብት ውስጥ ግን ከሁለቱም የማይቈጠር ሦስተኛ ነገር ሊኖር ይችላል።

ንፍፊት በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽትና በሆድ ውስጥ በብዛት ተበትኖ የሚገኝ የሰውነት ኬላ ነው። በክንድ ላይ የተሰጠ ክትባት ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ወደዚያው ወገን ብብት ይወርዳል፤ በኬላው ያሉት ተከላካይ ሕዋሳትም እንግዳውን አይተው ይበዛሉ፤ ሲበዙም ቤታቸው ይጠብባቸውና ንፍፊቱ ያብጣል። ስለዚህ እብጠቱ የሚታየው ክትባቱ በተሰጠበት ክንድ በኩል ነው፤ አልፎ አልፎም ከአንገት ሥር ከአጥንቱ በላይ ይወጣል።

ለአራስ ሕፃናት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት በዚህ ረገድ ከሌሎቹ ይለያል። ካልሜትና ጌራን የተባሉት ፈረንሳውያን ከከብት ቲቢ የወሰዱትን ጀርም በ13 ዓመት ውስጥ 230 ጊዜ ከምግብ ወደ ምግብ እያዛወሩ አዳክመው ያገኙት ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1921 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። በአገራችንም የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ክትባቶች አንዱ ይኸው ነበር። ጀርሙ ቢዳከምም ሕያው ነው። በክንድ ላይ ትንሽ ቁስል አውጥቶ ጠባሳ ይተዋል፤ በጥቂት ሕፃናት ላይም፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ፣ የብብቱን ንፍፊት ያሳብጣል። አብዛኛው ያለ መድኃኒት በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይጠፋል። መግል ከቋጠረ ባለሙያ በመርፌ ይስበዋል። በምላጭ የተበጣ እንደ ሆነ ግን ቁስሉ አፉን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ እያዠ ይኖራል። እንዲህ ያሉ ሕፃናትን አይተናል፤ ቁስሉ ከእብጠቱ እጅግ የባሰ ነበር።

ታዲያ እብጠቱ የዋህ መሆኑን ሳይቀደድ እንዴት ማወቅ ይቻላል? አልትራሳውንድ የሚባለው የድምፅ ሞገድ መሣሪያ የሚረዳን በዚህ ነው። በገደል አፋፍ ቆሞ የሚጣራ ሰው የገደል ማሚቶ ድምፁን እንደምትመልስለት፣ መሣሪያውም ድምፅ ወደ ሥጋ ልኮ የሚመለሰውን እየሰበሰበ ሥዕል ይሠራል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረትን ይሰማል፤ ለንፍፊት የሚያስፈልገው ግን 7 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ነው። በግላስጎው የነበሩት ሐኪም ኢያን ዶናልድ፣ በፋብሪካ ውስጥ የብረት ስንጥቅ የሚፈለግበትን መሣሪያ ወደ ሰው ሆድ አዙረው፣ ያገኙትን በ1958 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። መሣሪያው እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ ስለዚህ ለሕፃን አያሠጋም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ ለነፍሰ ጡር ሆድ የሚውለው መዳሰሻ ወደ ጥልቅ የሚያይ በመሆኑ ከቆዳ ሥር ያለውን ንፍፊት አጥርቶ አያሳይም። ለዚህ ሥራ ከቆዳ ሥር ያለውን አጥርቶ የሚያሳየው ጠፍጣፋው መዳሰሻ ያስፈልጋል፤ ይህ በሌለበት የተነሣ ደብዛዛ ሥዕል ሰውን ያስደነግጣል እንጂ አያስተምርም።

በሥዕሉ ላይ ጤነኛ ንፍፊት የቦሎቄ ፍሬ ይመስላል፤ ሞላላ ነው፤ መሐሉ ላይ ነጣ ያለ እምብርት አለው፤ ደም የሚገባውም በዚያ እምብርት በኩል ነው። ክትባት ያሳበጠው ንፍፊት አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊቱ ይወፍራል እንጂ መልኩና እምብርቱ አይጠፋም። ካንሰር የያዘው ግን እንደ አተር ይከብባል፣ እምብርቱ ይጠፋል፣ ደሙም ከጠርዝ በኩል ሊገባ ይችላል። የቲቢ ንፍፊቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ ዘለላ ይታያሉ፤ ውስጣቸውም ቀልጦ ይጠቁራል።

ይህን በትምህርት ላይ ሳለን በባሕር ማዶ ስንማር ነገሩ እጅግ ቀላል መስሎን ነበር። አገራችን ስንመለስ ግን ችግሩን አገኘነው። ቢሲጂ የቲቢ ጀርም የቅርብ ዘመድ ነውና፣ እርሱ ያሳበጠው ንፍፊት አንዳንድ ጊዜ እምብርቱን አጥፍቶ፣ ውስጡም ቀልጦ፣ ልክ እንደ ቲቢ ሆኖ ይታያል። በመርፌ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢታይም እንኳ የቲቢን ምልክት ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ባለው ጊዜ ከመሣሪያው ይልቅ የሚፈርደው ካርዱ ነው፤ መቼ ተከተበ? በየትኛው ክንድ? እብጠቱ በዚያው ወገን ነውን? ሕፃኑስ ይወፍራልን? በቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለን? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተጠየቁ ጤነኛ ሕፃን ለወራት የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ ይኖራል፤ ወይም በተቃራኒው የታመመው ሕፃን «የክትባት ነው» ተብሎ ይረሳል።

ሁለተኛው ስሕተት በእኛ አካባቢ የሚያሠጋ ነው። በኢትዮጵያ ከቲቢ ሕሙማን ሲሶ ገደማ በሽታው ከሳንባ ውጭ የያዛቸው ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ የንፍፊት ናቸው። ብዙ ሰው ምክንያቱን በጥሬ ወተት ያሳብባል፤ እኛም ስንማር እንዲሁ እንገምት ነበር። ቡታጅራ ከሥፍራዎቹ አንዷ የሆነችበት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 964 ናሙናዎችን መርምሮ የከብቱ ጀርም ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳየ፤ ንፍፊትን የሚያሳብጠው በአብዛኛው ያው ሳንባን የሚያሳምመው የሰው ጀርም ነው። (ወተት ማፍላት በሌላ ምክንያት ያስፈልጋልና ማንም እንዳይተው።)

ነገሩ የሕፃናት ብቻ አይደለም። የኮሮና ክትባት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በአገራችን ሲጀመር ብብታቸው ያበጠ አዋቂዎች ደንግጠው መጥተዋል። ፋይዘር ባካሄደው ፈተና፣ ቁጥራቸው ተቀራራቢ ከሆኑት ሁለት ወገኖች፣ ክትባቱን ከወሰዱት 64፣ ባዶውን መርፌ ከወሰዱት ደግሞ 6 ሰዎች ንፍፊታቸው ማበጡ ተመዝግቧል። በአሜሪካ የጡት ምስል ሐኪሞች ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. የጡት ምርመራ ከክትባቱ በፊት ወይም ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ይሁን ብሎ መክሮ ነበር፤ በኋላ ግን ምርመራው ለክትባት ሲባል አይዘግይ አለ። እኛም በዚህ እንስማማለን፤ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት «የክትባቱ ይሆናል» ብላ መቀመጥ የለባትም።

የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ሲሰጥ፣ አስተባባሪዎቹ መምህራን ነበሩ። ስለዚህ ወደ እነርሱ አንድ ልመና አለን። የተከታቢዋን ስም ስትጽፉ ቀኑንና ክንዱን ጨምሩ፤ ግራ ወይም ቀኝ የምትለው አንዲት ቃል አንድ ተማሪ ከመርፌና ከጭንቀት ልታድን ትችላለች። እብጠቱ ከስድስት ሳምንት በኋላ ካልቀነሰ፣ ወይም እያደገ፣ እየጠነከረ፣ በሌላው ወገን ወይም በአንገት ዙሪያ ከተጨመረ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከተከተለ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። በቢሲጂ ያበጠ ሕፃን ዘለግ ያለ ጊዜ ሊወስድበት ይችላልና፣ በየወሩ እየታየ ይጠበቅ፤ ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ሕፃን ግን ጀርሙ በሰውነቱ ሊሠራጭ ስለሚችል በአስቸኳይ በሐኪም ይታይ።

አያቲቱ ካርዱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ሰጡን፤ ቢሲጂው እብጠቱ ባለበት ወገን፣ በተወለደ በሁለተኛው ቀን መሰጠቱ ተጽፎበታል። በድምፅ ሞገዱ ሲታይ አንድ ንፍፊት ብቻ ነበር፤ ሞላላ፣ እምብርቱም ሳይጠፋ። በየወሩ እንዲያመጡት ነገርናቸው፤ በሦስተኛው ወር የምስር ፍሬ አክሎ ነበር። አያቲቱም ምላጭ ያሉትን ጎረቤታቸውን አስከትለው መጥተው ነበርና፣ «በል እስኪ ለእርሷ አሳያት» አሉን።