የፍተሻ ዝርዝር በኮምፒዩተር ሲያዝ፤ ስለ አንድ በር የሚጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች

በአማርኛችን «ደኅንነት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው ሠራተኛውን ከእሳት፣ ከመውደቅና ከልዩ ልዩ የሥራ አደጋ መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ግቢውንና ንብረቱን ከሌባና ከክፉ አድራጊ መጠበቅ ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ሥራው በሁለት ክፍልና በሁለት አለቃ የተከፈለ ነው። ሁለቱም ክፍሎች እየዞሩ የሚያዩትን ነገር በዝርዝር ጽፈው ይይዛሉ፤ ይህም በተለምዶ ቼክሊስት የሚባለው ነው። ዱሮ በወረቀት ተሞልቶ በፋይል ይቀመጥ የነበረው ዝርዝር ዛሬ በብዙ ቦታ በስልክና በታብሌት የሚሞላ ሆኗል። እኛም ዝርዝሩ ወደ ሶፍትዌር ሲዛወር ምን እንደሚገኝበትና ምን እንደማይገኝበት ጥቂት ለመግለጥ እንሞክራለን። ለምሳሌ የምንወስደው አንድ ተራ ነገር ነው፤ ይኸውም የፋብሪካ በር ነው።

ማርች 25 ቀን 1911 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ከተማ ትራያንግል በሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በ9ኛው ፎቅ ወደ ደረጃ ከሚወስዱት በሮች አንዱ ተቈልፎ ነበር። ምክንያቱም ሠራተኞቹ ሲወጡ ጨርቅ ሰርቀው እንዳይሄዱ ሁሉም በሌላው በር አልፈው ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ስለ ተፈለገ ነው። ባለቤቶቹ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ለፍርድ ቀርበው በነፃ ተለቀቁ። በሩ በዚያች ሰዓት መቈለፉን ያውቁ እንደ ነበረ በበቂ አልተረጋገጠባቸውምና ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን በካራቺ ከተማ በአሊ ኢንተርፕራይዝስ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። መውጫዎች ተቈልፈው፣ መስኮቶችም በብረት ፍርግርግ ታጥረው ነበር። የሚያሳዝነው፣ ፋብሪካው ይህ ከመሆኑ ከጥቂት ሳምንት በፊት ተመርምሮ ኤስ ኤ 8000 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር። ፍርድ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኰሰ ነው ብሎ ፈረደ። እንግዲህ እሳቱ ከክፉ አድራጊ መጣ፤ መውጫ ያሳጣቸው ግን የተዘጋው በርና የታጠረው መስኮት ነው። ሁለቱ የ«ደኅንነት» ትርጉሞች በአንድ ሌሊት ተገናኙ ማለት ነው።

አሁን በሩን ወደ ሶፍትዌሩ እናምጣው። የጥበቃው ዝርዝር «የኋላው በር ተቈልፏልን?» ይላል። የሥራ ደኅንነቱ ዝርዝር ደግሞ «የአደጋ ጊዜ መውጫው ይከፈታልን?» ይላል። ዘበኛው ማታ ይዞራል፤ የደኅንነት ሹሙ ቀን ይዞራል። ሁለቱም እውነታቸውን «አዎ» ብለው ይሞላሉ፤ ሶፍትዌሩም ሁለቱንም መቶ ከመቶ ሰጥቶ ለሥራ አስኪያጁ በአረንጓዴ ቀለም ያሳየዋል። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ግን ከውስጥ ተዘግቶባቸዋል። ማንም አልዋሸም፤ ስሕተቱ በዝርዝሩ አሠራር ላይ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ጥያቄዎቹ ከክፍሉ ስም ጋር ሳይሆን ከዕቃው ጋር መታሰር አለባቸው። እያንዳንዱ በር ቁጥር ይሰጠዋል፤ በላዩም በስልክ የሚነበብ ምልክት ይለጠፋል። ምልክቱን ያነበበ ሁሉ፣ ዘበኛም ይሁን የደኅንነት ሹም፣ ስለዚያ በር የሚጠየቀውን በሙሉ ያገኛል፤ ሌላው ከእርሱ በፊት የመለሰውንም ያያል። ጥያቄውም ይታረማል። «ደኅና ነውን?» ከማለት ይልቅ «ከውስጥ በእጅ ሲገፋ ያለ ቁልፍ ተከፈተ? ከውጭ ሲሳብስ ተዘግቶ ቀረ?» ይባላል። ለሁለቱም «አዎ» የሚያሰኝ በር በእርግጥ አለ፤ ከውስጥ የሚገፋ አግድም ብረት ያለው ነው። እንዲህ ያለው በር ከሌለ ግን ሶፍትዌሩ ሊያበጀው አይችልም፤ ጠቡን ማሳየት ብቻ ነው የሚችለው።

የዝርዝሩ ዋና ጥቅም ደግሞ «አይደለም» ተብሎ ሲመለስ ነው። በወረቀት ዘመን «አይደለም» የሚለው መልስ ከፋይሉ ጋር ይተኛ ነበር። በሶፍትዌር ግን ያች መልስ ወዲያው ሥራ ሆና ለአንድ በስሙ ለሚታወቅ ሰው፣ ከነመጨረሻ ቀኗ መሰጠት ትችላለች፤ ቀኑ ካለፈም ወደ በላዩ አለቃ ትሄዳለች። ያበጀው ሰው ራሱ «ተበጅቷል» ብሎ እንዲዘጋት አንመክርም፤ ሌላ ሰው አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይዝጋት። የቀድሞው መልስም አይሰረዝም፤ እርማት በላዩ ይታከላል እንጂ። እንዲህ ከሆነ «ማን ያውቅ ነበር? ከመቼ ጀምሮ?» ለሚለው፣ የኒውዮርኩን ክስ ለጣለው ጥያቄ፣ መልስ ይገኛል። አንዳንድ አሠሪ ይህን መዝገብ የማይወደውም ስለዚሁ ይመስለናል።

በተቃራኒው፣ በሶፍትዌር መዋሸት ከወረቀት ይልቅ ይቀላል። ያለፈውን ሳምንት መልስ ባንዴ የሚገለብጥ ቁልፍ ያለበት ፕሮግራም አለ፤ ይህ ቁልፍ ለፍተሻ ፈጽሞ አይገባም። ሶፍትዌሩ የየመልሱን ሰዓት የሚይዝ ከሆነ፣ አርባ ጥያቄ በሁለት ደቂቃ የመለሰ ሰው ግቢውን እንዳልዞረ ይታወቃል። ነገር ግን አለቃው «መቶ ከመቶ» ያመጣውን ብቻ የሚያመሰግን ከሆነ ሠራተኛው ለምን «አይደለም» ብሎ ይጽፋል?

በሀገራችን ለሚሠራበት ፕሮግራም አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። ዘበኛው በእጁ «2:30» ብሎ ቢጽፍ ከጧቱ ማለቱ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያደርገዋል። «በየወሩ» የተባለ ፍተሻም ጳጕሜን ላይ ይደናገራል። ስለዚህ ሰዓቱ በእጅ ባይጻፍ፣ ጊዜውም በቀን ብዛት ቢቈጠር ይሻላል። መረብ በሌለበት የተሞላ ዝርዝር በስልኩ ላይ ቈይቶ በኋላ ሲላክ፣ የተሞላበትና የደረሰበት ሰዓት ለየብቻ ይመዝገቡ።

የጥበቃ ዝርዝር ደካማውን ቦታ ሁሉ የሚናገር ስለ ሆነ ለሌባ እንደ ካርታ ነው፤ ማን እንደሚያየው መወሰን ይገባል። ይሁንና ይህ ምክንያት ተደርጎ የመውጫ በሮች ሁኔታ ከሠራተኛው ሊደበቅ አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛውንም በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል። በበሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት ለስፌት ሠራተኛዪቱም ስልክ ቢከፈት፣ በሌሊት ፈረቃ በሩ ተቈልፎ ስታገኘው ተቈጣጣሪ እስኪመጣ ሳትጠብቅ ልታስመዘግብ ትችላለች።