ቁልቁለቱ በፊት፣ ዳገቱ በኋላ
ከአሶሳ እስከ ዓባይ በረሃ፣ በእግርና በብስክሌት ወደ ወንዝ ገደሎች አፋፍ

ተራራ የሚወጣ ሰው ከባዱን ሥራ በጠዋት ይጨርሳል። ሲደክመው መንገዱ ራሱ ቁልቁል ይመልሰዋል። ገደል የሚወርድ ሰው ግን ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። በማለዳ፣ ጉልበቱ ሙሉ ሳለ፣ ቁልቁለቱ ያወርደዋል። ዳገቱ የሚጠብቀው ፀሐይ ከበረታች፣ ውሃው ከጎደለና እግሩ ከዛለ በኋላ ነው። ስለዚህ ወደ ወንዝ ገደል የሚደረግ ጉዞ የሚታቀደው ከመመለሻው ተነስቶ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ውሃውን፣ ሰዓቱንና የመመለሻ ቦታውን ለመወሰን አይቸገርም።

ሁለት መልክ ያለው ዓባይ

ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ በጢስ ዓባይ ተወርውሮ፣ የጮቄን ተራሮች በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በዚህ ጉዞው ደጋውን ሰንጥቆ የሠራውን ጥልቅ ሸለቆ ሕዝቡ «የዓባይ በረሃ» ይለዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን ክፍል ነው። ሁለቱም ከተሞች ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ድልድዩ ያለበት ሥፍራ ግን ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የ303 ሜትሩ የህዳሴ ድልድይ የሚገኘው እዚህ ነው። ጠመዝማዛው መንገድ በአንድ በኩል ብቻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ግድግዳው ድርብርብ ነው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና ጂብሰም ተነባብረዋል። እነዚህ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን፣ ባሕር በሚመጣና በሚሸሽበት ጊዜ የተከማቹ ናቸው። ወንዙ ደጋው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ታች እየቆረጠ እዚህ ደርሷል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያለው ዓባይ ሌላ መልክ አለው። አሶሳ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ታላቁ የህዳሴ ግድብ የተሠራበት ጉባ ደግሞ የወንዙ ወለል ወደ 500 ሜትር ዝቅ ያለበት ነው። የከፍታው ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ቢሆንም የተዘረጋው ከመቶ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ ነው። በደጀን ግን 1,400 ሜትሩ በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ያልቃል። በምዕራቡ የሚታየውም ድንጋይ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ የአካባቢው ወርቅና እብነ በረድ የሚገኘው በዚሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአሶሳ ወይም በአካባቢዋ ካሉት ከጾሬና ከባምባሲ ለሚነሳ መንገደኛ ፈተናው የገደሉ ቁመት ሳይሆን ሙቀቱና ርቀቱ ነው። ዕይታውም የግድግዳ ሳይሆን የኮረብታ፣ የቀርከሃ ደንና የሰፊ ቆላ ዕይታ ነው።

አንድ ለውጥ ደግሞ መታወቅ አለበት። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ውሃው ሲሞላ እስከ 640 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በፊት በእግር የሚሻገሩባቸው መልካዎችና የወንዝ ዳር ዱካዎች ዛሬ ግድቡ ከፈጠረው ከንጋት ሐይቅ ሥር ናቸው። የቆየ ካርታ ይዞ ወደ ወንዙ መውረድ ስለዚህ አያዋጣም።

በእግር፦ ሰዓቱን ማስላት

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለሚወጡት ለየ600 ሜትር ከፍታ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይደምራል። 4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 500 ሜትር ጥልቀት ያለው ዱካ ሲወርዱ አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ፣ ሲመለሱ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይሆናል። ይህ ያለ እረፍትና ያለ ፀሐይ ነው። በሙቀት ውስጥ የመመለሻው ጊዜ የመውረጃው እጥፍ ይሆናል ብሎ ማቀድ ይሻላል።

ሙቀቱም ይሰላል። በየ100 ሜትሩ ስንወርድ አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ደጀን ላይ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ ድልድዩ ዘንድ ወደ 29 ይጠጋል፤ ቋጥኙ የሚመልሰው ግለት ሳይቆጠር። በአሜሪካው ግራንድ ካንየን የፓርኩ ጠባቂዎች ከአፋፍ እስከ ወንዝ ወርዶ በዚያው ቀን መመለስ እንዳይሞከር አጥብቀው የሚመክሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሦስት ልማዶች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከያዙት ውሃ አንድ ሦስተኛውን ለመውረድ፣ ሁለት ሦስተኛውን ለመውጣት ይመድቡ። ለሙሉ ቀን ለአንድ ሰው ከ4 ሊትር በታች አይያዙ፤ ጨው ያለበት ምግብም አይርሱ። ሁለተኛ፣ ከመነሳትዎ በፊት የመመለሻ ሰዓት ይቁረጡ፤ ሰዓቱ ሲደርስ የትም ይሁኑ የት ይመለሱ። ሦስተኛ፣ ወንዙ ዳር መድረስን እንደ ግብ አይያዙት። በቆላው ወንዞች አዞና ጉማሬ አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. በክረምት በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት ዓባይን በጀልባ የወረደው የእንግሊዝ ቡድን ከዝግጅቱ ሁሉ ጋር የሰው ሕይወት ገብሯል።

ገደልን ለማየት አፋፉ ይበቃል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ደብረ ሊባኖስ፣ በተለምዶ «የፖርቱጋል ድልድይ» ወደሚባለው ቦታ የሚወስደው አጭር መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በሣሩ ላይ ተሰማርተው፣ ሸለቆው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ለዚህ ሁሉ ቁልቁል መውረድ አያስፈልግም። ጀማሪዎችና ልጆች ያሉት ቤተሰብ የሚጀምረው በእንዲህ ያለው ነው።

በብስክሌት፦ ፍሬኑ ከጉልበት ይቀድማል

ብስክሌተኛ ስለ ዳገቱ ሲያስብ ቁልቁለቱን ይዘነጋል። ከነብስክሌቱና ከነጓዙ 90 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከ3 ሊትር በላይ ውሃ ማፍላት ይችላል። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረው ግን ወደ ሙቀት የሚለወጠው በፍሬኑ ላይ ነው። ጎማ የሚፈነዳውና ፍሬን የሚከዳው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ፍሬኑን ሳይለቁ መጎተት ሳይሆን፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ቀጥታው ላይ መልቀቅ፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩም ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። የፊትና የኋላውን ሁለቱንም ይጠቀሙ።

በደጀን መንገድ ሌላም ነገር አለ። የሸለቆው አፈር ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰነጠቃል፣ ይጎረብጣል። የጫኑ ከባድ መኪኖች ደግሞ በታጠፉ ቁጥር መንገዱን ይሞላሉ። ወደ ላይ ሲመለሱ አማካይ ዳገቱ ከመቶ ሰባት ስለሆነ፣ ቀላል ማርሽ የሌለው ብስክሌት ይዞ መግባት አያዋጣም። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሰው ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። በአሶሳ ዙሪያ ያለው የጠጠርና የአፈር መንገድ ግን ለሰፊ ጎማ የተመቸ ነው። እሾህ ስለሚበዛ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ማጣበቂያና መንፊያ ይያዙ፤ ከከተማ ከወጡ ጎሚስታ የለም።

መቼ?

በአሶሳ ዝናቡ በግንቦት ገደማ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በክረምት የአፈሩ መንገድ ይጨቀያል፣ ጅረቱም በድንገት ይሞላል። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ምድሩ ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ከጥር በኋላ የሣር ቃጠሎ ጭስና አቧራ ዕይታውን ይጋርዳሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል። አሶሳ ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ ፀሐይ ከአዲስ አበባ በሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣለች፣ ትጠልቃለችም። የማለዳ መነሻዎን በዚህ ያስተካክሉ። አካባቢው ቆላና ወይና ደጋ ስለሆነ ወባ አለ፤ የሚያድሩ ከሆነ አጎበር ይያዙ።

ማንን ልጠይቅ?

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ባለፉት ዓመታት፣ በተለይ በመተከልና በካማሺ፣ ግጭት አይቷል። ትናንት ሰላም የነበረ መንገድ ዛሬም ሰላም መሆኑን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። ከመነሳትዎ በፊት የወረዳውን አስተዳደርና ፖሊስ ይጠይቁ፣ መታወቂያ ይያዙ፣ መንገድ መሪ ከቀበሌው ይውሰዱ። መንገድ መሪው የሚያውቀው ዱካውን ብቻ አይደለም። ወርቅ በባህላዊ መንገድ የሚቆፈርባቸው ጉድጓዶች አንዳንዴ በሣር ተሸፍነው ከዱካው ዳር ይገኛሉ፤ የት የት እንዳሉ የሚያውቀው እሱ ነው።

ግድቡ፣ ድልድዮችና የድንበር አካባቢ ያለ ፈቃድ ፎቶ አይነሱም፤ ድሮንም አይታሰብ። ጾሬ ደግሞ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት መጠለያ ያለባት ናት። መጠለያው መኖሪያ እንጂ የጉብኝት ቦታ አይደለም፤ መግባት ፈቃድ ይጠይቃል። በመንገድ ላይ የሚያገኙትን ሰው ሰላምታ ሰጥተው ይለፉ፣ ሳይፈቅድልዎትም ካሜራ አያነጣጥሩበት።

የመጀመሪያ ጉዞዎ የግማሽ ቀን ይሁን፤ አፋፍ ለአፋፍ ይሂዱ። በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ይውረዱና ለመውጣት የፈጀብዎትን ጊዜ ይመዝግቡ። ከዚያ በኋላ ምን ያህል መውረድ እንደሚችሉ የሚነግርዎት የራስዎ የመውጫ ሰዓት ይሆናል።