ያልለመዱትን ምግብ መቅመስ አሳብን ያሰፋል

ሰው ያልለመደውን ምግብ ባየ ጊዜ አስቀድሞ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ከምን ተሠራ ብሎ መጠየቁ ግን ኋላ ይመጣል፥ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይቀራል። አዲስ አሳብ የሚወለደው ከዚሁ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ልጆቻችን በማዕድ ላይ መጠየቅን ቢለምዱ በትምህርትም በሥራም ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ፓርማንቲዬ የሚባለው ፈረንሳዊ የመድኃኒት ዐዋቂ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1756 እስከ 1763 በተደረገው የሰባት ዓመት ጦርነት በፕሩስያ ተማርኮ ሳለ ይሰጠው የነበረው ምግብ ድንች ነበረ። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ድንች የከብት መኖ ነው፥ በሽታም ያመጣል እየተባለ ይናቅ ነበር። እርሱ ግን የሚወራውና የቀመሰው አለመስማማቱን አስተውሎ፥ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ድንችን መረመረ፤ በረኀብ ዘመን ሕዝብን ሊመግብ እንደሚችልም አስረዳ። በ1772 የፓሪስ የሕክምና መምህራን ድንች ለሰው የሚበላ ነው ብለው መሰከሩ።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይጥመን በርበሬ ዘሩ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ስሟ ያልተጻፈ አንዲት ባለሙያ ደፍራ ባትቀምሰው፥ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋራም ደልዛ ባትሞክረው ኖሮ፥ የእኛ ባልሆነ ነበር።

እንግዲህ ቆጮ ቀምሶ የማያውቅ ቤተ ሰብ ቢኖር፥ በአንድ እሑድ ከገበያ ገዝቶ ያቅርብ። እናትም ይህ ቂጣ ከእህል ሳይሆን ከእንሰት ተፍቆ፥ በጕድጓድ ተቀብሮ የቦካ መሆኑን ለልጆቿ ትንገራቸው። የጤፍ ሊጥ በቡሖቃ፥ እንሰት በመሬት ውስጥ መቡካቱን የሰማ ልጅ፥ ሌላስ ምን ይቦካ ይሆን? ብሎ ይጠይቃል። ይህም ጥያቄ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ነገር ግን ልጅን በግድ ማጕረስ አይገባም። ጥቂት ጥቂት እየተደረገ እስከ 10 ጊዜ ያህል ደጋግሞ ቢቀርብለት ብዙውን ጊዜ ይለምደዋል። ሃይማኖቱ የከለከለውን ወይም ለጤናው የማይስማማውን ይብላ ማለታችንም አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በወር አንድ ቀን እንኳ በማዕዳችሁ ላይ እንግዳ ምግብ ይኑር። ልጁ ባይወደው ምክንያቱን በቃሉ እንዲያስረዳ ጠይቁት፤ ሳይቀምሱ የሚናገሩት እንቢታ ከልማድ፥ ቀምሰው የሚናገሩት ግን ከዕውቀት ነውና።